የሰዓዳ ተምር

ለሌላው ሰው ተምር ረመዳን ረመዳን ይሸተዋል፤ ለእኔ ሆስፒታል ሆስፒታል ነው የሚሸተኝ። ባለፈው ሳምንት ለጾሙ የሚሆን ዕቃ ሱቄ ሳስገባ አንዱ የተምር ካርቶን ጥጉ ተቀዶ መጣ። የፈሰሰ እንዳለ ብዬ እጄን ሰድጄ ስዳብስ ያ ጣፋጭ፣ ትንሽ የታፈነ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና ደርቄ ቀረሁ። ደንበኛዬ፣ «ሐዋ፣ ምን ነካሽ? ኪሎው ስንት ነው እያልኩሽ እኮ ነው» ትለኛለች። እኔ ግን መካነ ሰላም ገበያ ላይ አልነበርኩም። ደሴ፣ የሴቶች ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ላይ ባዶ ሆዴን ተቀምጬ፣ አንዲት ሴት ነጠላዋን ተከናንባ ተምር ስታኝክ እያየሁ ነበር።

ትዝታ የሚጽፉት ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ሠላሳን የዘለልኩት ገና ትናንት ነው። ግን የማወራው ጊዜ ካሁኑ ጋር ሲተያይ የሌላ ሰው ዕድሜ ይመስላል። ሚሌኒየሙ ሊከበር ጥቂት ዓመት ይቀረው ነበር። መካነ ሰላም ላይ ሞባይል የያዘ ሰው በጣት ይቆጠራል፤ የያዘውም ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ለኮረብታ ይዞራል። ከጅዳ የሚደወልልን ሴቶች ቴሌ ቤት ሄደን አግዳሚው ላይ ተደርድረን ስማችን እስኪጠራ እንጠብቃለን። ስሟ የተጠራችው የስልኩ ሳጥን ውስጥ ስትገባ የቀረነው ጆሯችንን እንተክላለን፤ ለማን ምን እንደተላከላት፣ የማን ባል «ናፈቅሽኝ» እንዳለ፣ የማን ባል «አልሰማሽም፣ አልሰማሽም» ብሎ እንደዘጋው ሁላችንም እናውቃለን። ከዓረብ አገር የምትመለስ ልጅ ጥቁር ዓባያዋን እየጎተተች፣ ክንዷ ላይ ወርቅ ደርድራ ስትመጣ ሽቶዋ ቀድሟት ይደርሳል። እኛ አበባማ ቀሚስና ኮንጎ ጫማ አድርገን መንገድ እንለቅላታለን። ከመካነ ሰላም ደሴ ለመሄድ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ሃያ አምስት ብር ነበር፤ ከላይ እህሉ ላይ ተቀምጦ አቧራ ለሚጠጣ ከዚያ ያንሳል። ሹፌሩ አንድ ካሴት ብቻ ነበረው፤ ባንዱ ገጽ መንዙማ፣ በሌላው ገጽ የፍቅር ዘፈን። ሽማግሌ ሲሳፈር ይገለብጠዋል፤ ሽማግሌው ሲወርድ መልሶ ይገለብጠዋል። ዛሬ ልጆቹ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ነው የሚሄዱት፤ ሽማግሌም ቢሳፈር የሚገለበጥ ነገር የለም።

እኔ ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። አሥረኛ ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም፤ ዳሩኝ። ባሌ ዑመር በሠርጋችን በሰባተኛው ወር ጅዳ ገባ። እሱ በሄደ በዓመቱ ደሜ አልቆም አለ። ከወሩ ግማሹን እደማለሁ፤ ግማሹን ነገ ይጀምረኛል እያልኩ እፈራለሁ። አማቴ «ዓይን ነው» አለች። በማን ዓይን እንደምበላ ግን አልገባኝም፤ የሚቀናብኝ ነገር አልነበረኝም። ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ደሴ ላኩኝ። ስሙን ልተወውና፣ እዚያ ያየኝ ሐኪም ረጋ ያለ ሰው ነበር። «ማህፀንሽ ውስጥ ባቄላ የምታክል ትርፍ ሥጋ በቅላለች። አደገኛ አይደለችም። አስተኝተን እናወጣታለን። ሃያ ደቂቃ ነው፤ በማግሥቱ ቤትሽ ትገቢያለሽ» አለኝ። ሰው ሁሉ ሃያ ደቂቃዋን ሰምቶ «ይቺማ ምን አላት» አለኝ። እኔ የሰማሁት «አስተኝተን» የምትለዋን ነው። ተኝቶ ያልነሳ ሰው አውቃለሁ። ሐኪሙ አንድ ነገር ጨመረ፤ «አስታማሚ ይዘሽ ነይ። ፈርሞ የሚያስገባሽ፣ ስትነቂ አጠገብሽ የሚሆን ሰው ከሌለ ማደንዘዣ አንሰጥሽም።» እናቴ ከሞተች ቆይታለች። አማቴ ላሟ ልትወልድ ነው። ማሻ የተዳረችው ታላቅ እህቴ ከድጃ «ረቡዕ እዚያ ነኝ፣ ወላሂ» ብላ ላከችብኝ። ማክሰኞ ብቻዬን ገባሁ፤ ስድስት ቁጥር አልጋ ሰጡኝ።

ሰባት ቁጥር ላይ ሰዓዳ ነበረች፤ የኩታበር ልጅ፣ እኩያዬ። በሽታችን ሳይቀር አንድ ነበር፤ ያቺው ባቄላ የምታክል ሥጋ፣ ያው ሐኪም፣ ያው ሐሙስ ጧት። እሷ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ። የምንለያየው ከአልጋው ዙሪያ ባለው ነው። የኔ አልጋ ሥር አንዲት የሠርግ ሻንጣዬ ናት። የሷ አልጋ ሥር ሁለት ፍራሽ፣ ሦስት ፔርሙዝ፣ ብርድ ልብስ፣ የተቆላ ገብስ በፌስታል፣ ምድጃ ቢቀር ሙሉ ቤት አለ። ሁለት እህቶቿ በየተራ ይመጣሉ። እናቷ እትዬ አሚናት ከአጠገቧ አይነሱም፤ እግሯን ያሻሉ፣ ጸጉሯን ያበጥራሉ፣ ትራሷን ያገላብጣሉ። ወንድ ስለማይገባ ባሏ ሰይድ ውጭ መስኮቱ ሥር ቆሞ «ሰዓዳዬ» ይላል። ለሷ ሕክምና ብሎ ነው ከጅዳ የመጣው፤ የኔው ባል ካለበት ከተማ። መስኮቱ በኔ አልጋ በኩል ስለሆነ «ሰዓዳዬ» የሚለው በኔ ራስ ላይ አልፎ ነው። አንድ ጊዜ፣ «መካነ ሰላሜውን ዑመርን ታውቀዋለህ ወይ?» አልኩት።

«የቱን ዑመር? ጅዳ የሞላው ዑመር ነው» ብሎ ሳቀ። ሰዓዳም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ምን ያህል ቀናሁ መሰላችሁ? ሰዓዳ አንድ ጊዜ ስታነጥስ እናቷ፣ ሁለት እህቶቿና መስኮት ላይ ያለው ባሏ አራቱም ባንድ አፍ «የርሐሙኪላህ» ሲሏት በማነጠሷ ቀናሁ። እስቲ ብዬ እኔም አነጠስኩ። እትዬ አሚናት ብቻ መለሱልኝ።

ረቡዕ ከሰዓት ሲስተሯ መጣች። አጭር ናት፤ ጫማዋ ከሩቅ ይሰማል። የሁለታችን አልጋ መካከል ቆመችና፣ «የዛሬን ራት በጊዜ ትበላላችሁ። ከዚያ ወዲያ ነገ እስክትገቡ በአፋችሁ ምንም አያልፍም። እንጀራ አያልፍም፣ ሻይ አያልፍም፣ ውሃ አያልፍም። ማስቲካም አያልፍም» አለች።

«ምራቅስ?» አሉ እትዬ አሚናት።

«ምራቅ ይቻላል እማማ። ሌላው ግን በቀልድ አይደለም። ማደንዘዣ ሲወሰድ ሰውነት ይለቃል፤ ሆድ ውስጥ ያለው ወደ ላይ ይመጣና ሳንባ ይገባል። ያኔ እኔም ዶክተሩም አንደርስላችሁም። ነግሬያለሁ።»

እሷ እንደወጣች ክፍሉ ወሬ ጀመረ። ወዲያ ጥግ የተኛችው ሴት፣ ማደንዘዣ የወሰደ ሰው የሆዱን ሁሉ እንደሚዘከዝክ፣ አንዲት የምታውቃት ሴት ባሏ ፊት የድሮ ጓደኛዋን ስም ስትጠራ እንደዋለች አወራች። ሌላዋ፣ የአጎቷ ልጅ መሐል ላይ ነቅታ መብራቱን እንዳየች ማለች። ሰዓዳ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወዲያው እናቷ መዳፋቸውን ደረቷ ላይ አሳርፈው ቀስ ብለው ቁርኣን ይቀሩባት ገቡ፤ እህቷ «አንቺ እንኳን የምትዘከዝኪው የለሽም፣ ሳትደነዝዢም ዘክዝከሽ ጨርሰሻል» ብላ አሳቀቻት። እኔም እጄ ይንቀጠቀጣል። ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተትኩት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጡት ማጥባት ወረቀት ከላይ እስከታች አሥር ጊዜ አነበብኩ። ፋቲሓን ቀራሁ። በልቤ «አብሽሪ ሐዋ፣ አይዞሽ» አልኩ። ራስን አብሽሪ ማለት ጀርባን ለማከክ እንደመሞከር ነው፤ እጅ አይደርስም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ከድጃ ናት ብዬ ቀና እላለሁ። ከድጃ አልመጣችም።

ሐሙስ ጧት ሲስተሯ ወረቀቷን ይዛ መጣች። «ሐዋ፣ እህትሽስ?»

«መንገድ ላይ ናት።»

«እስከ አራት ሰዓት እጠብቃለሁ። ካልመጣች ስምሽ ይሰረዛል። ቀጣዩ ተራ ከሁለት ወር በኋላ ነው።»

ሁለት ወር ማለት ለኔ አንድ ወር ሙሉ መድማት ነው። ያኔ ፊቴ እንደ ጥሬ ሊጥ ነጥቶ ነበር፤ ደረጃ ስወጣ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፣ እዚያ አልጋ ላይ ያናደደኝ ደሜ ብቻ አልነበረም። ሰዓዳ አራት ሰው አላት፣ አስታማሚሽ የታለ ብሎ የሚጠይቃት የለም፤ እኔ አንድ ሰው አጥቼ እሰረዛለሁ።

ሲስተሯ እንደሄደች ሰይድ በመስኮት እጁን አስገባ። ትንሽ አረንጓዴ ጠርሙስና በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ለእናትየው አቀበለ፤ በኔ ራስ ላይ አሳልፎ። ዘምዘምና ተምር ነበር። ከመካ የመጣ ውሃ። በኛ አገር አንዲት ጠርሙስ ዘምዘም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ዓመት ይቀመጣል፤ ምጥ ለያዛት፣ ለሚያጣጥር፣ ሩቅ አገር ለሚሄድ በማንኪያ ይሰጣል። ባሌ እዚያው በርሜል ሙሉ አጠገቡ አለው፤ ለኔ ጠብታ አልላከም። የላከልኝ ከቁመቴ ሁለት ክንድ የሚረዝም ዓባያ ነው።

ሰዓዳ፣ «እማ፣ ምንም አይቀመስ ተብሏል እኮ» አለች በሹክሹክታ።

«ምግብ ነው የተባለ። ይሄ ምግብ ነው? ይሄ ሆድ አይገባም፣ ልብ ነው የሚገባ። በይ ቢስሚላህ በይ።»

ሰዓዳ ነጠላዋን ተከናነበች። አንድ ጉንጭ ጠጣች። ተምር አጎረሷት። ቁጥሩ ጎዶሎ መሆን አለበት ብለው ሦስት አደረሱላት። ዓይኔ እያየ እጇ መንቀጥቀጡን አቆመ። ሁለት ቀን ሙሉ ያላገኘሁት እርጋታ በሦስት ተምር እሷ ላይ ሲወርድ አየሁ። የቀናሁት በውሃው አይደለም፤ በተምሩም አይደለም። በዚያች እጇ ዝም ማለት ነው። እትዬ አሚናት ዞር ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። አንድ ተምር ከወረቀቱ አውጥተው ዘረጉልኝ።

«ነይ እታለም፣ አንቺም ያዥ። ፈርተሻል።»

ተቀበልኳቸው። አፍንጫዬ ድረስ አመጣሁት። ያ ነው እንግዲህ ሽታው። አልበላሁትም። ተነሥቼ በባዶ እግሬ ኮሪደሩን ተሻግሬ ሲስተሯ ክፍል ገባሁና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት።

«ምንድን ነው?»

«የኔ ድርሻ ነው። ሰዓዳ ሦስት በልታለች። ውሃም ጠጥታለች።»

ለሰዓዳ ነፍስ ሳስቼ ነው ብል ውሸት ነው። ሲስተሯ ስለ ሳንባ የተናገረችውን አልረሳሁም፤ አልረሳሁምና ጥሩ ሽፋን ሆነኝ። እውነቱ ግን፣ ሁሉ ነገር ካላት ሴት አንድ ነገር ሲጎድል ማየት ፈልጌ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው አጭር ነው። ሲስተሯ ገባች፤ «በላሽ?» አለች፤ ሰዓዳ «መድኃኒት ነው» ብላ አለቀሰች፤ ሐኪሙ ከበር ሆኖ «ዛሬ አትገባም፣ ለሰኞ» ብሎ ሄደ። ታናሽ እህቷ ወደኔ ዞራ፣ «ምቀኛ። ተምር አጉርሰውሽ» አለችኝ። አላጎረሱኝም፣ ይዤው ነው የሄድኩት ልላት አስቤ ተውኩት። ሰይድ መስኮቱ ላይ ፊቱን አዞረ። እትዬ አሚናት ጠርሙሱን ከድነው፣ በሻሻቸው ጠቅልለው ትራስ ሥር አስገቡት። እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አንደኛ ሆኛለሁ ብዬ ልደሰት ሞከርኩ። አልመጣልኝም። ሰዓዳ ስታለቅስ እንኳን ሦስት ሰው እንባዋን ይጠርግላት ነበር።

አራት ሰዓት ሞላ። ሲስተሯ ወረቀቱን ይዛ ራስጌዬ ቆመች። «ሐዋ፣ ማነው የሚፈርምልሽ?»

በሩን አየሁ። ከድጃ የተሳፈረችባት መኪና ማሻ መውጫ ላይ ተበላሽታ፣ እሷ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እንደዋለች የሰማሁት በማግሥቱ ነው። ያን ሰዓት ግን የረሳችኝ መስሎኝ ነበር። «ማንም» አልኩ። ድምፄ እንዳይሰበር ብዬ ጮክ አደረግኩት፤ ክፍሉ ሁሉ ሰማ። ሲስተሯ እስክሪብቶዋን አወጣች።

«ቆይ አትሰርዣት» አሉ እትዬ አሚናት። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ።

«እማማ፣ አንቱ ምኗ ነዎት?»

«ጎረቤቷ።»

«የየት አገር ጎረቤት?»

«የሰባት ቁጥር።»

ሲስተሯ ሳቋን ዋጠች። «ዘመድ ነው የምንጽፈው።»

«እንግዲያው የምትወጂውን ጻፊ። ልጅቱ ትደማለች፤ ዶክተሩ ቆሟል። ጣቴን የት ላድርግ?»

ሰዓዳ ከብርድ ልብሷ ውስጥ ብቅ አለች። «እማ፣ ለሷ?»

«አንቺ ዝም በይ። እኔው በእጄ አጉርሼ ልገድልሽ ነበር።» አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ነክረው ወረቀቱ ላይ ተጫኑት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። ቁጣም ፈገግታም የለባቸውም። «አንቺም ለሷ አዝነሽ እንዳልተናገርሽ አውቃለሁ። ዓይንሽን አይቼዋለሁ። ግን ተናገርሽ። በይ ተነሽ።»

ክንዴን ይዘው እስከ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ወሰዱኝ። ብዙ ሴት በሕይወቴ አቅፋኛለች፤ እንደዚያ ደረቅ አድርጋ የያዘችኝ ግን የለችም። በሩ ላይ ሲደርሱ «አብሽሪ» አሉኝ። አንዲት ቃል ናት፤ ቀኑን ሙሉ ስንሰነዝራት የምንውላት፣ እግሩን እንቅፋት ለመታውም የምንላት። ያን ቀን ግን ከራስ ጸጉሬ እስከ እግሬ ጥፍር ደረሰች። ውስጥ ብርድ ነበር። ሰፊ መብራት፣ የአልኮል ሽታ፣ አረንጓዴ ጨርቅ። ማደንዘዣ የሚሰጠው ጎልማሳ ክንዴን እየዳበሰ ደም ሥር ሲፈልግ፣ «ከየት ነሽ?» አለኝ።

«ከመካነ ሰላም።»

«እንዴት ነው መንገዱ? እስቲ የምታልፊውን አገር እየጠራሽ ደሴ አድርሺኝ።»

ስንቱን ፈሪ እንደዚህ እንደሸኘ እሱ ያውቃል። መካነ ሰላምን አልኩት፤ ቁልቁለቱን፣ ድልድዩን፣ ሹፌሩ ካሴቱን የሚገለብጥበትን አቀበት አልኩት። አቀስታ ስደርስ ምላሴ ከበደኝ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ጉጉፍቱን አላየሁትም።

ስነቃ ከንፈሬ እንደ ቆዳ ደርቋል፤ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ጣራው ሁለት ሆኖ መልሶ አንድ ሆነ። ሆዴ ሥር የወር አበባ ቁርጠት የመሰለ ሕመም አለ፤ ሌላ ምንም የለም። አለቀ። ግራ እጄ ሞቋል። ሳየው የእትዬ አሚናት እጅ ውስጥ ነው፤ አውራ ጣታቸው ላይ ቀለሙ አልለቀቀም። የልጃቸውን ብርድ ልብስ ደርበውልኛል። «እማ» አልኩ፤ ማደንዘዣው ነው ያናገረኝ ብዬ ላሳብብ እችላለሁ። «አለሁ» አሉኝ፤ እንደ ተራ ነገር።

ቀና ስል ሰዓዳ በጎኗ ተኝታ ታየናለች። ሰኞ ገብታ በሰላም እንደምትወጣ ያን ጊዜ ማናችንም አናውቅም። ዓይኗ ከእናቷ እጅ ወደኔ ፊት፣ ከኔ ፊት ወደ ብርድ ልብሷ ይመላለሳል። ያን እይታ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ከስድስት ቁጥር ወደ ሰባት ቁጥር ስልከው የዋልኩት እሱኑ ነው። አሁን እየመለሰችልኝ ነው።

«እናቴ ናት» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት። እጃቸውን ግን አልለቀቅኩም።